ማዳም አራክሲ በዳጋ ዲማ ያየችው

ሰገነት ሮጠች አይባልም፤ በረረች እንጂ! ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፈው የጀጎል ጠባብ መንገድ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ቁልቁል ተወረወረች። እንጨት የተጫነች አህያ መጣችባት። ግንቡ ላይ ልጥፍ ብላ አሳለፈቻት። ቅርጫት በራሷ የተሸከመች ሴትዮ መጣችባት። “ይቅርታ እናቴ!” ብላ በብብቷ ሥር ሾለከች። ሴትዮዋ በሐረሪኛ የሆነ ነገር ወረወረችባት፤ ምርቃት እንዳልሆነ ድምፁ ያስታውቃል፤ ግን ማን ቆሞ ይስማ!

ከኋላ ጓደኛዋ ዐይሻ ታለከልካለች።

“ሰጊ! ቆይኝ! ጫማዬ ወለቀ!”

“ጫማሽን ተይውና በየትኛው በር ነው ያሉት?”

“በፈላና በር! ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ባሻ እንደሻው በቅሎ ነጂውን ‘ፀሐይ ሳይበረታ ከከተማ እንውጣ’ ሲለው። ሻንጣዋን ጭነዋል። እሷ በቅሎዋ ላይ ተቀምጣ ዝም! እንደ ድንጋይ ዝም!”

“ሳትነግሪኝ እስካሁን?”

“እንዴ! አሁን እኮ ነው የጫኑት! ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ...”

“በይ ሩጪ!”

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ነገር ባንዴ ሊሆን ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ የሰገነትን አንጀት የሚበጥሱ። አንደኛው፣ አባቷ አባይነህ ከግንቡ ውጪ ሾላው ሥር ባለው ችሎት ቀርቦ የሞት ፍርዱን ሊሰማ ነው። ሁለተኛው፣ ከሞት ልታድነው የምትችለው አንዲት ሴት ከከተማ ልትወጣ ነው። ድሬዳዋ ባቡሩ ላይ ወጣች ማለት ጅቡቲ ገባች ማለት ነው። ጅቡቲ ገባች ማለት ደግሞ ባሕር ዋጣት ማለት ነው፤ አለቀ!

ሴትዮዋ ማዳም አራክሲ ትባላለች። አርመን ናት። አገሯ ላይ በወገኖቿ ላይ የደረሰው እልቂት ዘመድ ሳያስቀርላት በመርከብም በባቡርም ተንከራትታ ሐረር የገባች ስደተኛ። ፈረንጆቹ ወርቅ የሚያስቆፍሩበት ኩባንያ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ዳጋ ዲማ በሚባል ሸለቆ ወጥ ቤት ቀጥሯት ነበር። የሰገነት አባትም እዚያው ወርቅ አጣቢ ነበር። ከዚያ ያ የሚያዝያ ጊዮርጊስ መጣ። ሠራተኛው አመፀ ተባለ። በለጠ የሚባል ዘበኛ በጥይት ሞተ ተባለ። የገደለው ማነው ሲባል የዘበኞቹ አለቃ ባሻ እንደሻው “አባይነህ ነው! ጠመንጃ ነጥቆ ገደለው!” አለ። ዘበኞቹ ደግሞ ባሻቸው ያለውን አሉ። ሠራተኞቹ “አይደለም” ቢሉ ማን ሰምቷቸው! እነሱም አመፀኞች ተብለው ታስረዋል፤ የእስረኛ ቃል ለእስረኛ አይሆንም ተባሉ።

ከሁለቱም ወገን ያልሆነች፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ ሁሉን ያየች አንድ ማዳም አራክሲ ብቻ ነበረች። ባሻም ይህን ስለሚያውቅ ከሸለቆው አምጥቶ የዐይሻ እናት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ ከሰው ሳትገናኝ አስቀመጣት። ሰገነት በዐይሻ በኩል ገብታ እግሯ ላይ ወድቃ ነበር።

“ማዳም፣ ስለ ማርያም ብለው! አባቴን እኮ ሊሰቅሉት ነው!”

“እኔ አላየሁ። ምንም አላየሁ። ሂድ ልጄ፣ ሂድ።”

እንዲህ ስትል ግን ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም ነበር። ያላየ ሰው በር በሩን ለምን ያያል?

ጊደር መጋላ ሲደርሱ ገበያው ገና መድመቁ ነው። ማሽላው ተዘርግቷል፣ በርበሬው ተቆልሏል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ሰገነት የአንዲቷን ሴት የበርበሬ ክምር በእግሯ በተነችው። “ዓይንሽ ይፍሰስ!” አለቻት። “አሜን!” አለች ሰገነት፤ ምን እንደተባለች እንኳ አልሰማችም።

እና አየቻቸው! ገበያውን ጨርሰው ወደ በሩ ሊታጠፉ ነበር። ከፊት ባሻ እንደሻው፣ ያ ጠምዛዛ ጺሙ፣ ያ ጥይት የታጨቀበት ዝናሩ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ። ከኋላው በቅሎ ነጂው። በመሃል ማዳም አራክሲ፣ ጥቁር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ።

አሁን ምን ይደረግ? ሰገነት ለባሻ ጉልበት የላት! ብትለምን ማን ሊሰማት! ብታለቅስ “ወዲያ በይ” ብለው ሊያልፏት! ከዚያ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጩኸት ከጉሮሮዋ ወጣ፦

“በንግሥቲቱ አምላክ! ቁሚ!”

ገበያተኛው ሁሉ ዞረ።

በቅሎ ነጂው ልጓሙን ስቦ ቀጥ! አለ። ባሻም ቀጥ አለ። ለምን አይቆሙም! በንግሥቲቱ አምላክ ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ደጃዝማችም ይሁን ሎሌ፣ አንድ እግሩን ካነሳ በመንግሥት ላይ አመፀ ማለት ነው። ሰገነት እየተንደረደረች ሄዳ የነጠላዋን ጫፍ ከማዳም ካፖርት ቀበቶ ጋር አሰረችው። ቋጠረችው። ደግማ ቋጠረችው። ሦስተኛ ልትቋጥር ስትል ጨርቁ አለቀባት።

“ከሳሽ ነኝ! እሷ ተከሳሽ ናት! ቁራኛዬ ናት!”

“አንቺ ማነሽ?” አለ ባሻ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። “ፍቺ ይሄን!”

“አልፈታም! ዳኛ ይፍታው!”

“ኧረ ፈረንጅ በበቅሎ ላይ ትከሰሳለች እንዴ?” አለ አንድ ጨው ሻጭ።

“ምን ታረግ፣ ካልወረደች!” አለው ጎረቤቱ፤ ሰው ሳቀ።

ማዳም አራክሲ ከበቅሎዋ ላይ ሆና የታሰረችበትን ነጠላ ታያለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። “ምንድነው? ምንድነው ይህ?” ትላለች ቀስ ብላ።

የመንገድ ዳኛ መጥራት የከሳሽ መብት ነው። ሰገነት ዞር ዞር ስትል አው ዐብዱሰላምን አየች። የዐይሻ አጎት ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ነጭ ጺማቸው ደረታቸውን የሚነካ፣ ገበያው በሙሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ።

“አው ዐብዱሰላም! በንግሥቲቱ አምላክ ይዳኙን!”

አው ዐብዱሰላም መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ከሱቃቸው ወጡ። “ሱብሐነላህ። በማለዳው! እሺ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምን አደረገችሽ?”

ምን አደረገችሽ!

ሰገነት ክው አለች። ይህን አላሰበችበትማ! ማስቆሙን እንጂ፣ ማሰሩን እንጂ፣ ምን ብላ እንደምትከስ አንድም ነገር አላሰበችም! ሰው ሁሉ አፏን አፏን ያያል። ባሻ ፈገግ ማለት ጀምሯል። እጇ በነጠላዋ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ያዘ። ክርስትና ስትነሳ ያሰሩላት ነው፤ ክሩ አርጅቷል፣ ትንሿ የብር መስቀል ከሥሩ አለች። ሳብ አደረገችው። ጠቅ ብሎ ተበጠሰ። ወይኔ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ምን ነበረ! ማተቡን መቀነቷ ውስጥ ወተፈችው።

“በጥፊ መታችኝ! ማተቤንም ከአንገቴ በጠሰችው! ይኸው፣ እዩት አንገቴን!”

“ያ ረቢ!” አሉ አው ዐብዱሰላም። ክርስቲያኖቹ ሴቶች ደረታቸውን ደቁ። “መቼ ነው?”

“የጊዮርጊስ ዕለት!”

አፏ ነው የተናገረው እንጂ እሷ አይደለችም። ስንት ቀን ሙሉ ሌላ ቀን አላሰበችማ፤ ስትተኛም ጊዮርጊስ፣ ስትነሳም ጊዮርጊስ! ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። የጊዮርጊስ ዕለት ማዳም አራክሲ የት ነበረች? ዳጋ ዲማ! ያን ቀን ሐረርን በዓይኗም አላየች! ወይ ውርደት! ገና ዳኛ ፊት እንደቀረቡ “አልነበርኩም” ትላለች፣ ሰገነት ውሸታም ትሆናለች፣ በንግሥቲቱ አምላክ ዋሽታ ትገረፋለች፣ አባቷም...

ቆይ።

ቆይ እስቲ። “አልነበርኩም” ካለች “የት ነበርሽ?” ትባላለች። “ዳጋ ዲማ” ካለች ደግሞ...

ሰገነት የዐይሻን ትከሻ ያዘች።

አው ዐብዱሰላም ጺማቸውን አሹ። “ይህ የኔ ዳኝነት አይደለም። የናንተን የሃይማኖት ነገር እኔ ብፈርድ አላህም አይወድልኝ። ችሎት ሂዱ። ባሻ፣ አንተም ተከተል፤ እኔም ለምስክር እከተላለሁ።”

“ጊዜ የለኝም አባቴ! ባቡር ያመልጠናል!”

“ኢንሻአላህ ሌላ ባቡር ይመጣል” አሉ አው ዐብዱሰላም፣ ጫማቸውን እያደረጉ።

ችሎቱ ጋ ሲደርሱ ሾላው ሥር ሰው ሞልቷል። ዳኛው ግራዝማች ኪዳነወልድ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው ምንጣፍ በለበሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰገነት ከሩቅ፣ ከእስር ቤቱ አጥር ሥር፣ በሰንሰለት የተያያዙትን ሰዎች አየች። የመጨረሻው ረጅሙ አባቷ ነው! ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቷል። ተራው አልደረሰም ማለት ነው። ገና አልፈረዱበትም! “አባባ!” ልትል ነበር፤ ዐይሻ አፏን አፈነቻት።

“ማን እንደሆንሽ ባሻ ይወቅ እንዴ? ዝም በይ!”

ቁራኛ ሆኖ በንግሥቲቱ አምላክ የመጣ ሰው ተራ አይጠብቅም። አጋፋሪው ገፋፍቶ አቀረባቸው። ሰገነትና ማዳም አራክሲ በአንድ ነጠላ ታስረው ጎን ለጎን ቆሙ። ሰገነት እየተንተባተበች ክሷን ደገመች።

“ብትረቺ ምን ትወራረጃለሽ?” አሉ ግራዝማች።

“ማ... ማር! አንድ ጋን ማር!”

“ከየት ልታመጪው ነው?” አለች ዐይሻ ከኋላ በሹክሹክታ።

“ዝም በይ!”

ግራዝማች ወደ ማዳም ዞሩ። “አመንሽ ወይስ ካድሽ?”

ማዳም አፏን ስትከፍት ባሻ እንደሻው ቀደማት። እጅ ነሳና፣ “ጌታዬ፣ ይህች ሴት የውጭ ሰው ናት። ዳኛዋ ቆንሲሏ ነው እንጂ ይህ ችሎት አይደለም።”

“ደግ። የየትኛው መንግሥት ቆንሲል?”

ማዳም አራክሲ ናት የመለሰችው፣ መሬት መሬት እያየች፦

“የለኝም። ቆንሲል የለኝም። መንግሥት የለኝም።”

ከንፈር የመጠጠ ነበረ። ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲያ የኛ እንግዳ ነሽ። እኛ እንሰማሻለን። አመንሽ ወይስ ካድሽ?”

ባሻ ወደ ማዳም ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰገነት ግን በነጠላ ታስራ አጠገቧ አይደለች፣ እያንዳንዷን ቃል ሰማች።

“አምኛለሁ በይ። ካሳውን ኩባንያው ይከፍላል። አሁኑኑ እንሄዳለን። አምኛለሁ በይና እንገላገል!”

ሰገነት ይሄንንም አላሰበችበትም! ማዳም “አዎ መታሁ” ካለች፣ ካሳ ተከፈለ፣ ነጠላው ተፈታ፣ በቅሎዋ ላይ ወጣች፣ ሄደች! አባባ ተራው ደረሰ! ኧረ የጊዮርጊስ ያለህ! ማዳም እባክሽ አምኛለሁ አትበይ፣ እባክሽ፣ እባክሽ...

ማዳም አራክሲ ባሻን አየችው። ከዚያ ሰገነትን አየቻት፤ ባዶ አንገቷን አየች። ከዚያ የካፖርቷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ መስቀል ተነቅሷል፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከሥሩ የማይነበብ ፊደል ያለው።

“ይህ ከኢየሩሳሌም ነው” አለች። “አባቴ አስነቀሰኝ። ሰው መጣ፣ መስቀል ጣል አለን። አባቴ አልጣለም። ባሌ አልጣለም። አሁን የለም፣ ሁለቱም። እኔ አልጣልኩም። እዚህ መጣሁ። አሁን ሰው ይላል፣ አራክሲ የልጅ መስቀል በጠሰ። ባሻ ይላል፣ በጠስኩ በል።” ዞር ብላ ባሻን ገላመጠችው። “አልልም! ሌባ በለኝ፣ እሺ። ይህን ግን አልልም! ካድኩ! ካድኩ ጌታው!”

ሰገነት የምትገባበት ጠፋት። ይህን የዋዛ ውሸት በምን ሰው ላይ ነው ያወራችው!

“የጊዮርጊስ ዕለት የት ነበርሽ ታዲያ?” አሉ ግራዝማች።

“ዳጋ ዲማ።”

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ግራዝማች ጭራቸውን አነሱ።

“ዛሬ እኔ ፊት የዳጋ ዲማ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ የሚቀርብ ሰው አለ። አንቺ እዚያ ነበርሽ?”

“ነበርኩ። ወጥ ቤት። መስኮት አለ፣ ትንሽ፣ እንዲህ። ሁሉ ይታያል።”

“ጌታዬ፣ ይህ ከክሱ ጋር አይገናኝም!” አለ ባሻ።

“እኔ ነኝ የማገናኘው። ተናገሪ እመቤት።”

ማዳም አራክሲ ተናገረች። መጀመሪያ ቃል እየፈለገች፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ።

“ሰዎቹ ጠዋት ውሃ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። በገበቴ አሸዋ ያጥባል፣ ያጥባል። ወርቅ ትንሽ፣ እንደ ጤፍ። ሲወጣ ዘበኛ ጸጉር ያያል፣ ጆሮ ያያል፣ አፍ ያስከፍታል። እሺ። ግን ባሻ አለ፣ ‘ወርቁን ይውጣሉ።’ ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሶ።”

“ኮሶ?” አሉ ግራዝማች።

“ትልቅ ድስት። ለሁሉ ሰው። ጠጥቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ዘበኛ ቆሞ...” ፊቷን በእጇ ሸፈነች። “ይህን ሴት አይናገርም።”

“እግዚኦ!” አለች አንዲት አሮጊት ከሰው መሃል። “እኛ በስንት ጊዜ አንዴ ጠጥተነው ነፍሳችን ሊወጣ ነው! በየሳምንቱ? ሰውን?”

“ቱፋ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሁልጊዜ ይዘፍናል። ባሻ ‘አንተ ውጠሃል’ አለው። አንድ ዋንጫ ጠጣ። ምንም የለም። ሌላ ሰጠው። ምንም የለም። ሌላ ሰጠው። ድስቱ ላይ ደግሞ በእፍኝ ይጨምራል፣ በእፍኝ! እኔ ‘በቃ፣ ይሞታል’ አልኩ። ‘ወጥሽን ሥሪ’ አለኝ። የጊዮርጊስ ዋዜማ ቱፋ ሞተ። ሆዱ ባዶ ነበር። ወርቅ አልነበረም።”

ባሻ እንደሻው አንዴ በግራ እግሩ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ ይቆማል። ሰገነት ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

“ጠዋት በዓል ነው። ባሻ ‘ውሃ ግቡ’ አለ። ማንም አልገባም። ሰው ገበቴውን ሁሉ አምጥቶ መጋዘን በር ላይ ደፋው፣ አንድ ባንድ ላይ፣ እንደ ግንብ። ከዚያ ቱፋን በቃሬዛ ይዞ መጣ። ‘እሱ ሳይቀበር ወርቅ የለም። ድስቱ ሳይሰበር ወርቅ የለም’ ይላል። ክርስቲያኑ ይላል፣ እስላሙ ይላል። አይጮኽም፣ ጌታው። ቀስ ብሎ፣ ሁሉ በአንድ አፍ። አለመጮሁ ነው እኔን ያስፈራኝ። እኔ ሰው ሲጮህ ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ግን አላየሁም።”

“ከዚያስ?”

“ባሻ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ማንም አልሸሸም። አንዱ ሄዶ ድስቱን በድንጋይ መታው፣ ተሰበረ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣ። ባሻ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ገበቴው ላይ ተደናቀፈ። ወደቀ። ጠመንጃው ጮኸ። አጠገቡ የቆመው ዘበኛ፣ በለጠ፣ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። ‘ባሻ፣ ምነው?’ አለ። ሌላ አልተናገረም።”

አው ዐብዱሰላም መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

“አባይነህ የሚባለውስ?” አሉ ግራዝማች ቀስ ብለው። “ጠመንጃ ነጥቆ ነበር ይባላል።”

“ረጅሙ? በምን እጁ?” ማዳም ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች፤ የሰገነትም ነጠላ አብሮ ተዘረጋ። “ቃሬዛውን ከፊት የያዘው እሱ ነበር! ጥይት ሲጮህ ሁሉ መሬት ተኛ። እሱ ቆሞ ቀረ፣ ሬሳው እንዳይወድቅ። ብቻውን። እንዲህ።”

ሰገነት ማልቀሷን ያወቀችው እንባው አገጯ ሲደርስ ነው። አባባ! እሱ እንደዚያ ነው፤ ሌላ ምን ያደርግ!

በዚህ መሃል ግን አንዱ የእስር ቤት ዘበኛ ከኋላ መጥቶ ለባሻ በጆሮው ሹክ አለው፤ ባሻም ዓይኑ በራ።

“ጌታዬ!” ብሎ ጮኸ። “ተንኮል ነው! ይህችን ከሳሽ ይጠይቁልኝ፣ የማን ልጅ ናት? የአባይነህ ልጅ ናት! ተመካክረው ነው! ሁለቱ ተማክረው የሠሩት ተንኮል ነው!”

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። “የማን ልጅ ነሽ?”

“የ... የአባይነህ።”

“አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ይህች ሴት መታችሽ ወይስ አልመታችሽም?”

መታችኝ ብትል ማዳም ያን ቀን ሐረር ነበረች ማለት ነው፤ ያየችው ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ አባባ ይሰቀላል። አልመታችኝም ብትል ራሷ በንግሥቲቱ አምላክ የዋሸች ናት፤ ተማክረዋል የሚለው የባሻ ነገር ይጸናል፤ አባባ ያው ይሰቀላል! በየት ይኬዳል? በየትም አይኬድ!

“አልመታችኝም!” ብላ ጮኸች። “እንዳትሄድ ብዬ ነው! ለምኛት እምቢ ስላለችኝ ነው! አልተመካከርንም! ማተቤን የበጠስኩት ራሴ ነኝ፣ ይኸው!” ከመቀነቷ አውጥታ አሳየች፤ ትንሿ መስቀል እጇ ላይ ተንጠለጠለች።

ማዳም አራክሲ መስቀሏን አየች። ሰገነትን አየች።

“ራስሽ?” አለች። “የክርስቶስን መስቀል? በራስሽ እጅ?”

ጧ!

ጥፊው ሾላው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ! ሰገነት በነጠላው ታስራ ባትሆን ወድቃ ነበር። ዓይኗ ብልጭ ድርግም አለባት። አጋፋሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። ማዳም አራክሲ ወደ ዳኛው ዞረች።

“አሁን መታሁ። ይህን አልክድም፣ ጌታው። ቅጣኝ!”

መጀመሪያ የሳቁት አው ዐብዱሰላም ናቸው። “ወላሂ” አሉ፣ ጺማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ “የተማከረ ሰው እንዲህ አይማታም!” ከዚያ ሰው ሁሉ ፈነዳ። ግራዝማች ኪዳነወልድ ካባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። ሲያነሱት ግን ፊታቸው ፈርጥሟል።

“ባሻ እንደሻው። ‘አምኛለሁ በይ’ ስትላት እኔም ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ። ጠመንጃህን አውርድ።”

“ጌታዬ...”

“አውርድ አልኩ! ዘበኞችህ ከዳጋ ዲማ መጥተው አንድ በአንድ ለየብቻ እስኪጠየቁ ከአባይነህ ጋር በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ትሆናለህ። ፍርዱ ቆሟል። አንቺ እመቤት፣ ምስክርነትሽ እስኪያልቅ ከሐረር አትወጪም፤ የሚነካሽ እኔን ነካ። አንቺ ልጅ...”

ሰገነት ተንበረከከች።

“በንግሥቲቱ አምላክ ዋሽተሻል። ጅራፍ ይገባሽ ነበር። ግን ቅጣትሽን እዚሁ ፊቴ ተቀብለሻል፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የሚመታ ገራፊ የለኝም። ተነሺ። ማተብሽን እሰሪ። ነገ ንስሐ አባትሽ ጋ እንድትሄጂ።”

አጋፋሪው ነጠላውን ለመፍታት ታገለ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው። ማዳም አራክሲ በጥርሷ ፈታችው። ከዚያ ቆመች፤ በቅሎዋ የለች፣ ሻንጣዋ መሬት ተጥሏል።

“አሁን የት እገባለሁ?” አለች ለራሷ ይመስል።

“እኛ ቤት!” አሉ ሰገነትና ዐይሻ ባንዴ። ከዚያ “የኛ!” “የለም የኛ!” እያሉ ሊጣሉ ሲሉ ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰሙ።

ወታደሮቹ አባይነህን ይዘውት መጡ። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፣ ምንም የሰማው የለም፤ ዓይኑ የመጨረሻውን የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው። ሌላኛውን የሰንሰለት ጫፍ ወስደው ባሻ እንደሻው እጅ ላይ ሲቆልፉት ግራ ገብቶት ቀና አለ። ሰንሰለቱን አየ። ባሻን አየ። ዳኛውን አየ። ከዚያ ሰው መሃል ልጁን አያት፤ ግራ ጉንጯ ላይ አምስት ጣት እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ አብጦ።

የሞት ፍርዱን ረሳው። አንገቱ ሥር ያለው ጅማት ተገተረ።

“ሰገነት! ማነው የመታሽ?”

ሰገነት ልትመልስ ስትል ሳቅ ቀደማት፤ ከዚያ ለቅሶ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወጡ። ማዳም አራክሲን በእጅጌዋ ይዛ ጎትታ ፊቱ አቆመቻት።

“የእርስዎ ምስክር ናት፣ አባባ!”